አንድ ሲፒዩ ለሁለት ሰው፦ መሣሪያዎችን በትእዛዝ ዘርዝሮ ማከፋፈል

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ያላችሁ የግንቦትና የሰኔን ወረፋ ታውቁታላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይበው፣ የሚያሳርመውና ፕሪንት የሚያስደርገው ተማሪ በር ላይ ይቆማል፤ ክፍሉ ግን ሁለተኛ ሲፒዩ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ቦታው ቢገኝ እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚይዘው ሁለተኛ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ሲሆን ለጽሑፍ ሥራ የተቀመጠ አንድ ኮር አይ5 ሲፒዩ ቀኑን አብዛኛውን ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ከሆነ ያንኑ ሲፒዩ በሁለት ሞኒተር፣ በሁለት ኪቦርድና በሁለት ማውስ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊሠራበት ይችላል። ሁለቱም በየራሳቸው ስም ገብተው የየራሳቸውን ዴስክቶፕ ያያሉ፤ የሚገዛ ተጨማሪ ሶፍትዌርም የለም።

ይህን የሚሠራው ሎጊንሲቲኤል የሚባል የተርሚናል ትእዛዝ ነው። ሊኑክስን አስነስቶ የሚያስተዳድረው የሲስተምዲ አካል ስለሆነ ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን ወይም ፌዶራ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሳትጭኑት ታገኙታላችሁ። ለተጠቃሚ ሊሰጡ የሚችሉትን መሣሪያዎች ይዘረዝራል፤ ከዚያ የመረጣችሁትን መሣሪያ ለመረጣችሁት መቀመጫ ይሰጣል። መቀመጫ ማለት አንድ ሰው የሚሠራባቸው ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ አንድ ላይ ናቸው። መስጠቱ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሰው የሚሳሳተው ዝርዝሩን ሲያነብ ስለሆነ እዚህም ብዙ የምንቆየው ዝርዝሩ ላይ ነው።

ትእዛዞቹን ለጓደኛ በስልክ እንደሚነገሩት በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። ሎጊንሲቲኤል ማለት ሎጊን የሚለው ቃል ላይ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ያለ ክፍተት ተቀጥለውበት ነው። ሲት ወንበር ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ቁጥሩ ያለ ክፍተት ይከተለዋል። ሰረዝ ያለበት ቦታ ሰረዙን አትዝለሉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ዋናው ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ ነው። አንድ ካርድ ሁለት መውጫ ስላለው ለሁለት ሰው ይበቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። ሎጊንሲቲኤል የሚያከፋፍለው ካርድን እንጂ የካርዱን መውጫ አይደለም፤ አንድ ካርድ የአንድ መቀመጫ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቦርዱ ላይ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ለመጀመሪያው ሰው ይሆናል፣ ለሁለተኛው ደግሞ አንድ ካርድ ይጨመራል።

ካርዱ አዲስ መሆን የለበትም። ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ሲፒዩዎች ላይ አብሮ የሚመጣው ራዲዮን ኤችዲ 6450 ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከበቂ በላይ ነው። መርካቶም ሆነ ፒያሳ ስትፈልጉ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛው ቁመቱ ነው፦ ትንሹ ኦፕቲፕሌክስ ውስጥ የሚገባው አጭሩ ካርድ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለው ብረት ረጅም ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። ሁለተኛው የኃይል ገመድ ነው፦ ከፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ገመድ የሚጠይቅ ካርድ አትግዙ። ትንሹ ኦፕቲፕሌክስ 3020 እና 9020 ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ 255 ዋት ብቻ ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድም የለውም። ከማስገቢያው የሚያገኘው ኃይል የሚበቃው ካርድ ይሁን።

ኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ኑቮ በሚባለው ክፍት ድራይቨር ተጠቀሙበት። የኩባንያው የራሱ ድራይቨር ሲጫን ካርዱ በዝርዝሩ ላይ መቀመጫ መምራት የሚችል ካርድ ሆኖ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ እሱን ማስተካከል ከዚህ ሥራ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይበላል። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ኤኤምዲ ውሰዱ።

የሞኒተሩን ገመድም አስቀድማችሁ አስቡበት። ያገለገለው ሞኒተር ብዙ ጊዜ ያለው ቪጂኤ ብቻ ነው፣ ካርዱ ግን ዲቪአይና ዲስፕሌይፖርት ሊሆን ይችላል። የዲቪአይ ቀዳዳው ጠፍጣፋው መሰንጠቂያ ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት ርካሹ ቀያሪ ይሠራል። አራቱ ከሌሉ ቪጂኤ ጭራሽ አይወጣበትም፤ ዲጂታሉን ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ኤሌክትሮኒክስ ያለበት ቀያሪ ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ሰው ኪቦርድ፣ ማውስ እና አንድ ዩኤስቢ ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ ፖርት የሚያበዛውን) ጨምሩ። ሃቡ ዩኤስቢ 2.0 ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ዝርዝሩ ላይ ስንደርስ ታያላችሁ። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ እስከ 5 ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ጠረጴዛ ከዚያ በላይ አይራቅ። ድምፅ ለሁለቱም ካስፈለገ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ሃቡ ላይ ይሰካል። ራም 8 ጊጋ ይሁን። በ4 ጊጋ ሁለት ብሮውዘር ተከፍቶ ሊብሬኦፊስ ሲጨመርበት ሃርድ ዲስኩ ያለማቋረጥ መጮህ ይጀምራል፣ ሁለቱም ሰዎች ይቆማሉ።

ለሲስተሙ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ እንመክራለን። ቀላል ነው፤ መግቢያ ገጹን የሚያሳየው ላይትዲኤም ደግሞ ሁለተኛ መቀመጫ ሲፈጠር ራሱ አይቶ ሁለተኛ መግቢያ ያወጣል።

ባዮስ

ካርዱን ሲፒዩው ከሶኬት ተነቅሎ አስገቡት። ከዚያ ሁለቱን ሞኒተሮች ሰክታችሁ፣ አንዱን ቦርዱ ላይ አንዱን ካርዱ ላይ፣ አብሩት። ብዙ ቦርዶች ካርድ ሲገባባቸው የራሳቸውን ግራፊክስ ያጠፋሉ። ስለዚህ ቦርዱ ላይ የተሰካው ሞኒተር ጨለማ ሆኖ ቢቀር ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ተጭናችሁ ባዮስ (ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ግቡና የቪዲዮውን ክፍል ፈልጉ። ስሙ እንደ ቦርዱ ይለያያል፤ መልቲ ዲስፕሌይ ወይም አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር የሚል ነገር ነው። አብሩትና አስቀምጡ። ይህ ምርጫ ጭራሽ የሌለው ቦርድም አለ፤ እንዲህ ዓይነቱ ሁለት ካርድ ካልገባለት በስተቀር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲፒዩውን ገና ልትገዙ ከሆነ ሚንት የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዴል ላይ በኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ9 ከፍላሹ አስነስታችሁ የሚከተለውን ትእዛዝ እዚያው ሱቁ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ።

ከርነሉ ምን ያያል?

ማከፋፈል ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱም ካርዶች ለከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ለሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ እምብርት፣ መታየታቸውን አረጋግጡ፦

ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ

ከሚወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ግራፊክስ የሆኑትን ፈልጉ። 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ላይ ራዲዮን 6450 ከገባ ነገሩ እንዲህ ይመስላል፦

00:02.0 ቪጂኤ ኮምፓቲብል ኮንትሮለር [0300]: ኢንቴል … [8086:0412]
    ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ: አይ915
01:00.0 ቪጂኤ ኮምፓቲብል ኮንትሮለር [0300]: ኤኤምዲ … [1002:6779]
    ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ: ራዲዮን

ከፊት ያለው ቁጥር አድራሻው ነው። የኢንቴሉ የቦርድ ግራፊክስ 00:02.0 ላይ ነው የሚገኘው፤ የተጨመረው ካርድ ብዙ ጊዜ 01:00.0 ይሆናል። ሁለቱን አድራሻዎች ወረቀት ላይ ጻፏቸው፣ እስከ መጨረሻው የምንመራው በእነሱ ነው። በቅንፍ ውስጥ ካሉት ጥንድ ቁጥሮች 8086 ኢንቴል፣ 1002 ኤኤምዲ ማለት ነው። ሻጩ ካርዱን የጠራበት ስምና ይህ ቁጥር ካልተስማሙ ቁጥሩን እመኑ።

ቪጂኤ የሚለውን ቃል ብቻ እየፈለጋችሁ አትለፉ። አንዳንድ ቦርድ ላይ ሁለተኛው ካርድ ዲስፕሌይ ኮንትሮለር በሚል ስም ነው የሚወጣው። የኢንቴሉ መስመር ጨርሶ ከሌለ ወደ ባዮስ ተመለሱ። መስመሩ ኖሮ ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ የሚለው ከጎደለ ደግሞ ካርዱ ታይቷል፣ የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር ግን የለም፤ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

የሚሰጡት መሣሪያዎች ዝርዝር

አሁን ተርሚናሉን ሙሉ እስክሪን አድርጋችሁ ይህን ጻፉ፦

ሎጊንሲቲኤል ሲት-ስታተስ ሲት0

ሲት0 ሁልጊዜ ያለ የመጀመሪያው መቀመጫ ነው። ለሌላ ያልተሰጠ ነገር ሁሉ የእሱ ነው፤ ስለዚህ አሁን የምታዩት ዝርዝር ለመከፋፈል የቀረበው ዕቃ በሙሉ ነው። በታች ቀስት እያወረዳችሁ አንብቡት፤ ለመውጣት ኪው ተጫኑ። አሳጥረን ብናሳየው ይህን ይመስላል፦

├─/ሲስ/ዲቫይስስ/…/ኢንፑት/ኢንፑት0
│ ኢንፑት:ኢንፑት0 "ፓወር በተን"
├─/ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:01.0/0000:01:00.0/ዲአርኤም/ካርድ1
│ [ማስተር] ዲአርኤም:ካርድ1
├─/ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:01.0/0000:01:00.1/ሳውንድ/ካርድ1
│ ሳውንድ:ካርድ1 "ኤችዲኤምአይ"
├─/ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:02.0/ዲአርኤም/ካርድ0
│ [ማስተር] ዲአርኤም:ካርድ0
├─/ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:14.0/ዩኤስቢ1
│ ዩኤስቢ:ዩኤስቢ1
│ ├─/ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:14.0/ዩኤስቢ1/1-2
│ │ ዩኤስቢ:1-2

እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት መስመር አለው። የላይኛው ሙሉ መንገዱ ነው፤ ትእዛዙ የሚፈልገው ይህን ነው። የታችኛው ለሰው የሚነበብ ስሙ ነው።

ማስተር የሚለው ምልክት ዋናው ነገር ነው። መቀመጫ የሚፈጠረው ይህ ምልክት ያለበት መሣሪያ ሲሰጠው ብቻ ነው፣ እሱም ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሁለት ማስተር ካላያችሁ ከዚህ አትለፉ።

ካርድ0፣ ካርድ1 በሚለው ቁጥር አትመሩ። ከርነል ሲታደስ ወይም ካርዶቹ በሌላ ቅደም ተከተል ሲነሱ ይህ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል። ወረቀታችሁ ላይ የጻፋችሁት አድራሻ መንገዱ ውስጥ የት እንዳለ ፈልጉ፦ 0000:01:00.0 ያለበት የተጨመረው ካርድ ነው፣ 0000:00:02.0 ያለበት የቦርዱ። ከተጨመረው ካርድ አጠገብ 01:00.1 የሚል ሳውንድ ታያላችሁ፤ የካርዱ የኤችዲኤምአይ ድምፅ ስለሆነ ከካርዱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

መንገዱ መሃል ላይ ሦስት ነጥብ ካያችሁ ተርሚናሉ ጠቦት ቆርጦታል ማለት ነው። እንዲህ የተቆረጠውን ገልብጣችሁ ብትለጥፉት ትእዛዙ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም ይላችኋል። መስኮቱን አስፉት፣ ካልበቃም ኮንትሮልና የመቀነስ ምልክቱን ተጭናችሁ ፊደሉን አሳንሱና እንደገና ዘርዝሩ።

አሁን ሃቡን ፈልጉ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ብዙ የዩኤስቢ መስመሮች የትኛው የእናንተ ሃብ እንደሆነ በግምት አትወስኑ። ሃቡን ነቅላችሁ ዘርዝሩ፣ ሰክታችሁ ደግሞ ዘርዝሩ፤ አዲስ የመጣው መስመር እሱ ነው። እዚህ ላይ በጥንቃቄ እዩ፦ ዩኤስቢ1 ብሎ የሚያበቃው መስመር ሃባችሁ አይደለም፤ የቦርዱ የዩኤስቢ ሥር ነው፣ ሁሉም ፖርቶች ከሥሩ ናቸው። እሱን ለሁለተኛው ሰው ብትሰጡት የራሳችሁም ኪቦርድና ማውስ ከእጃችሁ ይወጣል። የእናንተ ከሥሩ ያለው፣ በምሳሌያችን 1-2 ብሎ የሚያበቃው ነው።

ዩኤስቢ 3.0 ሃብ ከሆነ ሲሰካ ሁለት መስመር ይመጣል፣ አንዱ ዩኤስቢ1 ሥር አንዱ ዩኤስቢ2 ሥር። አንድ ሃብ ቢሆንም በውስጡ ቀርፋፋውና ፈጣኑ ክፍል የተለያዩ ናቸው። ኪቦርድ በቀርፋፋው ይመጣል፣ አዲስ ፍላሽ በፈጣኑ። ቀርፋፋውን ብቻ ከሰጣችሁ ሁለተኛው ሰው ኪቦርዱ ይሠራለታል፣ ፍላሹ ግን በጎረቤቱ እስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ሁለቱን መስጠት ይቻላል፤ ዩኤስቢ 2.0 ሃብ ግን ይህን ጣጣ ጭራሽ አያመጣም።

ማከፋፈል

ቅደም ተከተሉ ከካርዱ ይጀምራል፣ ሃቡ መጨረሻ ነው። ኪቦርዱ ከካርዱ በፊት ከተሰጠ፣ ሲት1 ገና ማስተር ስለሌለው አልተፈጠረምና ኪቦርዱ የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ መብራቱ በርቶ ምንም አይጽፍም። መንገዱን በእጅ አትጻፉ። ከዝርዝሩ ላይ በማውስ ምረጡትና መካከለኛውን ቁልፍ ተጭናችሁ ለጥፉት። ከፊት ያለው ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስኬደዋል።

ሱዶ ሎጊንሲቲኤል አታች ሲት1 /ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:01.0/0000:01:00.0/ዲአርኤም/ካርድ1

ሱዶ ሎጊንሲቲኤል አታች ሲት1 /ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:01.0/0000:01:00.1/ሳውንድ/ካርድ1

ሱዶ ሎጊንሲቲኤል አታች ሲት1 /ሲስ/ዲቫይስስ/ፒሲአይ0000:00/0000:00:14.0/ዩኤስቢ1/1-2

ትእዛዞቹ ከተሳካላቸው ምንም አይናገሩም። የመቀመጫው ስም የግድ ሲት በሚለው ቃል መጀመር አለበት፤ ሲት1 ማለት ይበቃል። ሃቡ ከተሰጠ ሃቡ ላይ የሚሰካ ሁሉ፣ ነገ የሚመጣ ፍላሽም ጭምር፣ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ የሲት1 ይሆናል። ሃብ የመረጥነውም ለዚህ ነው፤ ኪቦርዱንና ማውሱን አንድ በአንድ ከሰጣችሁ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት የሁለተኛው ሰው ፖርት አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት። የመጀመሪያው ዴስክቶፕ ካርዱን ከጠዋት ጀምሮ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ሳይነሳ በፊት ሁለተኛው ሞኒተር ላይ ምንም ባይመጣ አይግረማችሁ። ሲነሳ ሁለቱም ሞኒተሮች ላይ መግቢያ ይወጣል። አረጋግጡ፦

ሎጊንሲቲኤል ሊስት-ሲትስ
ሎጊንሲቲኤል ሾው-ሲት ሲት1

የመጀመሪያው ሲት0ንና ሲት1ን ማሳየት አለበት። ሁለተኛው ከሚያወጣቸው መስመሮች መካከል ካንግራፊካል የሚለው አጠገቡ የስ ካለ መግቢያ ገጹ መውጣት ይችላል።

ለሁለተኛው ሰው የራሱን አካውንት በሱዶ አድዩዘር ክፈቱለት፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አትስጡት። በአንድ ስም ሁለት ቦታ መግባት አይበጅም፤ ፋየርፎክስ ቀድሞ ተከፍቷል እያለ ያስቸግራል፣ የአንዱ ቅንብር የሌላውን ይደርባል። የአማርኛ ኪቦርዱንም አይባስ በሚባለው የቋንቋ ኪቦርድ መቀየሪያ በየአካውንቱ ለየብቻ ነው የምታስተካክሉት፤ አንዱ ላይ የተደረገው ወደ ሌላው አይሻገርም።

ድልድሉ የሚከተለው ፖርቱን ነው

ይህን የማያውቅ ሰው ከሳምንት በኋላ ሲስተሙ ራሱ ተበላሸ ብሎ ያስባል። አታች ያላችሁት ሁሉ /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ ውስጥ 72-ሲት ብሎ በሚጀምር ፋይል ይቀመጣል። የሃቡን ፋይል ከፍታችሁ ብታዩት መሃሉ ላይ ይህን ታገኛላችሁ፦

ዩኤስቢ-ፒሲአይ-0000_00_14_0-ዩኤስቢ-0_2

የሃቡ ስም፣ የፋብሪካው ስም፣ መለያ ቁጥሩ የትም የለም። ያለው ከቦርዱ የትኛው ፖርት ላይ እንደተሰካ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው 2 የፖርቱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ክፍሉን የሚያጸዳ ሰው ገመዶቹን ነቅሎ ሃቡን በሌላ ቀዳዳ ቢመልሰው ሃቡ ወደ ሲት0 ይመለሳል። ያን ጊዜ የሁለተኛው ሰው ኪቦርድ በመጀመሪያው ሰው ጽሑፍ መሃል ይጽፋል። ደንበኛ ፊት እንዲህ ሲሆን አያምርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፖርቱ ላይና ገመዱ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፉ።

ጥቅምም አለው። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ሌላ ዓይነት ብታመጡ፣ ሃቡን ራሱን ብትቀይሩ፣ ያው ፖርት ላይ እስከተሰካ ድረስ ምንም ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም። ግራፊክስ ካርዱም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሌላ ማስገቢያ ከተዛወረ አድራሻው ስለሚቀየር እንደገና መሰጠት አለበት።

የጋራ የሆኑት

ፕሪንተር አታከፋፍሉ። ፕሪንት የሚያደርገው ከፕስ የተባለው አገልግሎት የሲስተሙ ሁሉ ስለሆነ ፕሪንተሩ የትኛውም ፖርት ላይ ቢሰካ ሁለቱም ያትማሉ። ኢንተርኔቱም የጋራ ነው።

ስካነር ግን እንደዚያ አይደለም። የተሰካበት መቀመጫ ላይ ለገባው ሰው ነው የሚፈቀደው። ሁለቱም እንዲጠቀሙ ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን ሰው ስካነር ወደሚባለው ቡድን ጨምሩት፦

ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ስካነር የተጠቃሚው_ስም

እዚህ ኤዋ ትንሿ ናት፣ ጂዋ ትልቋ። ኤዋን ከረሳችኋት ትእዛዙ መጨመሩን ትቶ ሰውየውን ከሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ያስወጣዋል። በራሳችሁ ስም ላይ ይህን ከሠራችሁ ሱዶ የማለት መብታችሁም አብሮ ይሄዳል። ለውጡ የሚታየው ሰውየው ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው። ፕሪንተር፣ ኮፒና ስካነር አንድ ላይ የሆኑት አንዳንዶቹ ደግሞ የሚታዘዙት በኤልፒ ቡድን ነው።

ፍላሽ ላይ ሲስተሙ ጥብቅ ነው፣ ጥብቅነቱም ለደንበኛ ጥሩ ነው። የሲት1 ሰው ፍላሹን ሲፒዩው ፊት ለፊት ባለው ፖርት ቢሰካ፣ ያ ፖርት የሲት0 ስለሆነ ለመክፈት የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ይጠየቃል። ፓስዎርዱን አትንገሩት፤ ሃቡ ላይ ይሰካው። በራሱ መቀመጫ የተከፈተ ፍላሽ በስሙ ብቻ ስለሚከፈት ከጎኑ ያለው ሰው የዚያን ተማሪ ፋይል ማየት አይችልም። ብዙ ሃቦች ኃይላቸውን ከአንድ ፖርት ስለሚያገኙ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላያነሱ ይችላሉ፤ የፖርቱ አቅም 500 ሚሊአምፔር ነው፣ እሱም ለኪቦርዱና ለማውሱ ጭምር ነው። ዲስክ የሚሰካ ከሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ይሻላል።

የማጥፊያው ቁልፍ ዝርዝሩ ላይ እንዳያችሁት ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው፣ የሲት0 ነው። አንድ ሰው ሲነካው ሁለት ሰው ሥራ ሊያጣ ይችላል። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሎጊንዲ.ኮንፍ ውስጥ ሃንድልፓወርኪ የሚለውን ኢግኖር አድርጉት፤ የኤክስኤፍሲኢ ፓወር ማናጀርም ቁልፉን በራሱ መንገድ ስለሚያስተናግድ እዚያም ምንም አታድርግ የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚተኛበትንም ሰዓት በሁለቱም አካውንት አጥፉት፤ አንዱ ለምሳ ሲወጣ የሌላው እስክሪን አብሮ እንዳይተኛ። ከሜኑ ለመዝጋት የሚሞክር ሰው ሌላ ሰው ገብቶ ከሆነ ፓስዎርድ ይጠየቃል፤ ይህ እንዲሆን የታሰበ ነው፣ ችግር አይደለም።

መግቢያው ካልወጣ

ሲት1 በዝርዝሩ ላይ ኖሮ ሞኒተሩ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ /ኢቲሲ/ኤክስ11 ውስጥ ኤክስኦርግ.ኮንፍ የሚባል አሮጌ ፋይል መኖሩን እዩ። ቀድሞ አንድ ሰው ሞኒተር ሲያስተካክል ትቶት የሄደ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም መቀመጫዎች ያንኑ ፋይል አንብበው ያንኑ ካርድ ለመያዝ ይሻማሉ። ስሙን ቀይሩና ሪስታርት አድርጉ። ካልሆነ /ቫር/ሎግ/ላይትዲኤም ውስጥ ላይትዲኤም.ሎግ እና ኤክስ-1.ሎግ የሚባሉትን አንብቡ፤ ኤክስ-1 አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው መቀመጫ ነው። እዚያ ውስጥ ኖ ስክሪንስ ፋውንድ የሚል ካገኛችሁ ካርዱ አልተሰጠም፣ ወይም ድራይቨሩ አልተነሳም፤ ወደ ኤልኤስፒሲአይ ተመለሱ።

ሲት1 ጭራሽ ከሌለ ማስተሩ አልተሰጠም ማለት ነው። ሲት-ስታተስ ሲት0 ብላችሁ ካርዱ አሁንም እዚያ መኖሩን እዩ፤ ካለ መንገዱን ከአሁኑ ዝርዝር ገልብጣችሁ እንደገና አታች በሉት።

የራሳችሁን ኪቦርድ ወይም ካርድ በስህተት ሰጥታችሁ ተርሚናል መጻፍ ካቃታችሁ ኮምፒውተሩን በሚንት ፍላሽ አስነሱት። የሃርድ ዲስኩን ክፍል ከፍታችሁ /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ ውስጥ 72-ሲት ብለው የሚጀምሩትን ፋይሎች በሱዶ አጥፉና ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ልብ በሉ፣ ከፍላሹ ሲነሳ ከሥሩ የምታገኙት /ኢቲሲ የፍላሹ የራሱ ነው፤ የምትፈልጉት ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ነው።

ተርሚናሉ እየሠራ ሁሉንም ድልድል ለመሰረዝ ከፈለጋችሁ ግን አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ መጀመሪያ ሁለተኛው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ይውጣ፦

ሱዶ ሎጊንሲቲኤል ፍለሽ-ዲቫይስስ

የመጀመሪያው ቃል ኤፍ፣ ኤል፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኤች ተብሎ ነው የሚጻፈው። መሣሪያዎቹ በሙሉ ወደ ሲት0 ይመለሳሉ። አንዱን ብቻ መመለስ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ያንኑ አታች ተጠቅማችሁ በሲት1 ፋንታ ሲት0 ጻፉ።